የተጫረ የላፕቶፕ ስክሪን፤ ከኮልጌቱ በፊት

በዚህ ዓምድ ስለ ሕግና ስለ ፍርድ ቤት ጣጣ ሲጽፍ የምታውቁት ሰው ዛሬ ስለ ላፕቶፕ ስክሪን ሊያወራ ሲነሳ ‹‹እሱን ደግሞ ምን አገባው?›› የሚል አንባቢ አይጠፋም፡፡ ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ የተጫረ ስክሪን ወደ እኔ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው፡፡ ባለቤቱ በኮልጌት ፈትጎት፣ ጠጋኙ ‹‹አጠፋልሃለሁ›› ብሎ አደብዝዞት፣ ወይም ሻጩ ‹‹ስሰጥህ ደህና ነበር›› ብሎ ሽምጥጥ አድርጎ ክዶ፣ ‹‹ጋሼ፣ መክሰስ እችላለሁ ወይ?›› የሚል ጥያቄ ይዞ ይመጣል፡፡ ዕቃውን ሳያውቁ ስለ ዕቃው መከራከር ስለማይቻል ከጠጋኞች ጠረጴዛ አጠገብ ቁጭ ብዬ ብዙ ጠይቄያለሁ፣ ብዙም አይቻለሁ፡፡ እነሆ፡፡

‹‹ለአንዲት ጭረት ይህን ያህል!›› አትበሉ፡፡ ላፕቶፕ በእኛ ቤት የአንድ ሰው ዕቃ አይደለም፡፡ አንዱ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ይገባል፤ ሌላው ከመገናኛ ወይም ከመርካቶ ‹‹ያገለገለ›› ተብሎ ይገዛል፤ ዕቁብ ሲደርስ የተገዛም ሞልቷል፡፡ ታላቅ ወንድም የመመረቂያ ጽሑፉን ይጽፍበታል፣ ታናሽ እህት ትወርሰዋለች፣ ማታ ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ፊልም ያይበታል፡፡ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው፡፡ ሲሠራ የነበረን ስክሪን በ5 ደቂቃ ፍተጋ ማበላሸት ቀላል ነው፤ ለመተካት ግን የወር ደመወዝ የማይበቃው ብዙ ሰው አለ፡፡

ለመሆኑ የተጫረው ምኑ ነው? ብዙ ሰው የላፕቶፑን ፊት ‹‹መስታወት›› ይለዋል፡፡ ደብዘዝ ያለ፣ ብርሃን የማያንጸባርቅ ገጽ ባላቸው ላፕቶፖች ላይ ግን ጣታችን የሚነካው መስታወት ሳይሆን ፕላስቲክ ነው፡፡ ከኋላ ብርሃን የሚሰጠው ክፍል አለ፤ ከእሱ ፊት ብርሃኑን እኩል የሚበትኑ ስስ ሉሆች አሉ፤ ቀጥሎ በሁለት ስስ መስታወቶች መካከል የታሸገው ፈሳሽ ክሪስታል ይመጣል፡፡ ከእነዚህ መስታወቶች ፊትና ኋላ ደግሞ ፖላራይዘር የሚባል የፕላስቲክ ሽፋን ተለጥፏል፡፡ ፖላራይዘር ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ወንፊት ነው ማለት ይቻላል፡፡ ያለ እሱ ስክሪኑ ነጭ ብርሃን ከማሳየት በቀር ፊደልም ሥዕልም አያሳይም፡፡ የፊተኛው ሽፋን ውፍረት የአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ እንኳ አይሞላም፡፡ ላዩ ደግሞ መስኮትና አምፖል እንዳያንጸባርቅበት ተብሎ፣ በዓይን በማይታይ ደረጃ ሆን ተብሎ ሻካራ ተደርጓል፡፡

ጭረት ማለት እንግዲህ ከዚህ ሽፋን ላይ የጎደለ ነገር ነው፡፡ የተጨመረ ቢሆን ኖሮ ይጠረግ ነበር፡፡ የጎደለውን ግን ፈትጎ መመለስ አይቻልም፤ መፈተግ የሚችለው የቀረውን ወደ ጎደለው ጥልቀት ማውረድ ብቻ ነው፡፡ በመኪና ቀለም ላይ ይህ ዘዴ ይሠራል፣ ላዩ ላይ ሊወለወል የሚችል ግልጽ ቫርኒሽ ስላለው፡፡ ስክሪኑ ላይ ግን መጀመሪያ የሚጠፋው ያ ሆን ተብሎ የተሠራው ሻካራነት ነው፡፡ ጭረቱ ቢለዝብ እንኳ በቦታው የሚያብለጨልጭ ክብ ምልክት ይቀራል፡፡ ቀጭን መስመር በሰፊ ጠባሳ ተለወጠ ማለት ነው፡፡

ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመቀባት በፊት መመርመር ይቀድማል፡፡ እኔ ዘንድ ‹‹ተጫረ›› ተብለው ከመጡት ስክሪኖች ብዙዎቹ ጭራሽ አልተጫሩም ነበር፡፡ ላፕቶፑን አጥፉትና የሞባይላችሁን መብራት ከጎን በኩል፣ ከስክሪኑ ጋር ትይዩ ሊሆን እስኪቃረብ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት፡፡ በመስመር የተደረደሩ፣ የኪቦርዱን ቁልፎች ጠርዝ የሚመስሉ ምልክቶች ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፡፡ የጣታችን ቅባት ቁልፎቹ ላይ ይቀመጣል፤ ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ከመጽሐፍ ጋር ተጨንቆ ሲውል ክዳኑ ይጎብጥና ስክሪኑ ቁልፎቹን ይነካል፤ ቅባቱም ይታተምበታል፡፡ ይህ ማኅተም እንጂ ጭረት አይደለም፤ በርጥብ ጨርቅ ይለቃል፡፡ /ለዓመታት በየቀኑ ከተፋተገ ግን እውነተኛ ጭረት ወደ መሆን ይሄዳል፡፡/

ያገለገለ ላፕቶፕ ከሆነ አንዱን ጥግ በጥፍራችሁ ቀስ ብላችሁ ዳስሱ፡፡ የቀድሞው ባለቤት መከላከያ ፕላስቲክ ለጥፎበት ሊሆን ይችላል፤ ጭረቱም እሱ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል፡፡ ግን የተለጠፈ ነገር መኖሩን ሳታረጋግጡ ጥጉን መላጥ አትጀምሩ፤ ፖላራይዘሩም ራሱ የተለጠፈ ነገር ነውና፡፡

አሁን ላፕቶፑን አብሩትና ነጭ ገጽ ክፈቱበት፡፡ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል፣ ቀን በቀን የሚሰፋ ጥቁር ነገር ካለ የተሰበረው የውስጡ መስታወት ነው፡፡ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ባለቀለም መስመር የስክሪኑ ወይም የገመዱ ችግር ነው፡፡ ከአካባቢው ይልቅ ደምቆ የሚታይ ነጭ ነጥብ ደግሞ ከኋላ ያሉት ሉሆች በአንድ ነገር ተጭነው መጎዳታቸውን ይናገራል፡፡ እነዚህን ሁሉ ጨርቅም ቅባትም አይነካቸውም፡፡ አንድ ወጪ የሚያድን ፈተና ልጨምር፤ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቤታችሁ ቴሌቪዥን ጋር አገናኙት፡፡ መስመሩ ቴሌቪዥኑም ላይ ከታየ ጥፋቱ የስክሪኑ ሳይሆን የውስጡ የግራፊክስ ክፍል ነው፤ ስክሪን መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፡፡ ቴሌቪዥኑ ላይ ጥርት ብሎ ከታየ ደግሞ በዚያው አጋጣሚ ጽሑፋችሁን ወደ ፍላሽ ገልብጡ፡፡

ወደ ማጽዳቱ እንለፍ፡፡ ማሽኑ ይጥፋ፣ ቻርጀሩ ይነቀል፣ ስክሪኑ ይቀዝቅዝ፡፡ መጀመሪያ አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አንሱ፡፡ አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን በጥንካሬ መለኪያ 7 ሲሆን ተራ መስታወት 5 ተኩል ገደማ ነው፤ ፕላስቲኩማ ከዚያም በጣም ያነሰ ነው፡፡ በበጋ አቧራ የተሸፈነ ስክሪን በደረቅ እጅጌ የጠረገ ሰው፣ ሳያውቀው በብርጭቆ ወረቀት ጠርጎታል፡፡ ሶፍትም አይሆንም፤ የወረቀት ጭረት ያለበት ነው፡፡ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ይሻላል፡፡ ጨርቁን በተጣራ ውሃ በጥቂቱ አርጥቡና ሳትጫኑ ከላይ ወደ ታች ጥረጉ፡፡ ውሃውን ስክሪኑ ላይ አትርጩ፤ ወደ ታችኛው ጠርዝ ወርዶ ከፕላስቲኩ ጀርባ ወዳለው የኤሌክትሪክ ክፍል ይገባል፡፡ የተጣራ ውሃ መኪና መለዋወጫ ሱቅ ‹‹የባትሪ ውሃ›› ተብሎ ይሸጣል፡፡ ብቻ ስትገዙ ውሃውን መሆኑን አረጋግጡ፤ በዚያው መደርደሪያ ላይ የባትሪ አሲድም ይቀመጣልና፡፡

አሁን ወደ ኮልጌቱ፡፡ የእህቴ ልጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለ ስክሪኑ ላይ የብዕር ክዳን የምታህል ቀጭን ጭረት ነበረችበት፡፡ አንድ ቪዲዮ አየና የጥርስ ሳሙና ጣቱ ላይ ጠቅ አድርጎ ግማሽ ሰዓት አሸው፡፡ ሳሙናው እርጥብ ሳለ ጭረቷ የጠፋች መሰለው፡፡ ሲደርቅ እንቁላል የሚያህል፣ ሞራ የጋረደው ዓይን የመሰለ ነጭ ክብ ወጣ፡፡ ዱቄቱ ሻካራው ገጽ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ ነበር፡፡ ደጋግሞ ሲያጥበው ነጩ ለቀቀ፤ የሚያብለጨልጨው ክብ ግን ቀረ፡፡ የመመረቂያ ጽሑፉን የጨረሰው ገጹን ወደ ስክሪኑ ግራ ጥግ ገፍቶ፣ በግማሽ ስክሪን እየሠራ ነው፡፡ ጭረቷ ብትቀር ኖሮ በሳምንቱ ይረሳት ነበር፡፡

ይህ እምነት ከየት መጣ ብዬ አስቤያለሁ፡፡ ከሲዲ ዘመን የወረስነው ይመስለኛል፡፡ ሲዲ ሲጫር በጥርስ ሳሙና የሚያሹ ሰዎች ነበሩ፤ አንዳንዴም ይሠራ ነበር፡፡ ምክንያት አለው፡፡ ሲዲ 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆን ግልጽ ፕላስቲክ ነው፤ መረጃው ያለው በጽሑፉ በኩል ስለሆነ ከታች በኩል ትንሽ ቢፈገፈግ አይጎዳም፡፡ የጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ካልሲየም ካርቦኔት ወይም ሲሊካ የሚባል የሚፍቅ ዱቄትም ለዚያ ሥራ ይሆናል፡፡ ስክሪን ግን ሲዲ አይደለም፤ ለመፈግፈግ የሚተርፍ ውፍረት የለውም፡፡

የኮልጌት ዘመዶችም አሉ፡፡ ቤኪንግ ፓውደር፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ የመኪና ፖሊሽ፤ ሁሉም የሚሠሩት በመፈግፈግ ነውና ፍርዳቸው አንድ ነው፡፡ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ /አሴቶን/ ከእነዚህም ይብሳል፤ ፕላስቲኩን ያሟሟዋል፡፡ ‹‹ግልጽ የጥፍር ቀለም ጭረቱን ይሞላል›› የሚለውም ምክር አደጋ አለው፤ ቀለሙን የያዘው ፈሳሽ ራሱ ፕላስቲክ የሚበላ ነው፡፡ አሞኒያ ያለበት የመስኮት ማጽጃና በረኪና እዚያው ለመስኮቱና ለሽንት ቤቱ ይቅሩ፡፡

ቫዝሊን ላይ ግን ፍትሐዊ መሆን አለብኝ፤ ግማሽ እውነት አለውና፡፡ ጭረት የሚታየን ብርሃን በጎደለው ቦታ ላይ ተሰብሮ ስለሚበተን ነው፡፡ ቫዝሊን ብርሃንን የሚያጥፈው ከፖላራይዘሩ ፕላስቲክ ጋር በተቀራረበ መጠን ስለሆነ ጉድጓዱን ሲሞላው ጭረቱ ከዓይን ይሰወራል፡፡ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ጫፍ ሳይሆን በጥጥ ጫፍ፣ የጤፍ ፍሬ ያህል ብቻ ተነክሮ፣ ትርፉ ወዲያው ቢጠረግ ጉዳት አያደርስም፡፡ ነገር ግን ጥገና አይደለም፡፡ አቧራ ይስባል፣ በቀናት ውስጥ ይለቃል፣ ደብዛዛ ገጽ ላይ ደግሞ ከጭረቱ ካለፈ የዘይት ጠብታ የወደቀበት ወረቀት ያስመስለዋል፡፡ ‹‹ነገ ማሳያ ሥራ አለብኝ›› ለሚል ሰው ይሆናል፡፡ ስክሪኑን ቫዝሊን ቀብቶ ላፕቶፕ የሚሸጥ ሰው ግን እያታለለ ነው፡፡ እንዲህ ያለም አለና ያገለገለ ስትገዙ ስክሪኑን ራሳችሁ በርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ እዩት፡፡ ለቀላል ጭረት ከቫዝሊን የሚሻለው የሚለጠፍ መከላከያ ፕላስቲክ ነው፤ ማጣበቂያው ጥቃቅኑን ጉድጓድ ስለሚሞላ ብዙውን ይሸፍናል፣ ቀጣዩንም ይከላከላል፡፡

በጣት የሚነኩና የሚያብረቀርቁ ስክሪኖች ነገር የተለየ ነው፡፡ እነሱ ላይ ፊት ለፊት ያለው እውነተኛ መስታወት ነው፤ በቀላሉ አይጫርም፣ ከተጫረ ግን ኮልጌት ምንም አይለውጠውም፡፡ መስታወት የሚወለውለው ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባል ዱቄት ለመኪና መስታወት ይሠራል፡፡ ላፕቶፕ ላይ ብትሞክሩት ግን ነጸብራቅ የሚቀንሰውን ሽፋን ይዞ ይሄዳል፡፡ ያ ሽፋን ምን ያህል ስስ እንደሆነ የአፕል ኩባንያ ታሪክ ያሳያል፡፡ ብዙ የማክቡክ ባለቤቶች የስክሪናቸው ሽፋን እየተላጠ ነጠብጣብ እንዳወጣባቸው ካመለከቱ በኋላ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2015 ለተወሰኑ ሞዴሎች ነፃ የመቀየር ፕሮግራም ጀምሮ ነበር፡፡ ሰዎቹ ፈትገውት አልነበረም፤ በተራ አጠቃቀምና በኪቦርዱ ንክኪ የተላጠ ነበር፡፡ ስለዚህ ሽፋኑ ሲላጥ ያየ ሰው ‹‹ጭረት ነው›› ብሎ ራሱን ከመውቀሱ በፊት የዋስትና ወረቀቱን ይመልከት፡፡

መቀየር ግድ ከሆነስ? እዚህ ላይ ሙያዬ ይገባል፡፡ ለጥገና የገባ ላፕቶፕ ላይ የሚነሳው ትልቁ ክርክር ጭረቱ ሳይሆን ‹‹የእኔ ስክሪን ይህ አልነበረም›› የሚለው ነው፡፡ አንዲት የማውቃት የሒሳብ ባለሙያ ላፕቶፗን ለሌላ ችግር አስገብታ ስትቀበል ስክሪኑ ከጎን ሲታይ የሚጠቁር ሆኖ አገኘችው፡፡ ጠጋኙ ‹‹የነበረው ነው›› አለ፡፡ ማስረጃ አልነበራትም፤ እኔም ልረዳት አልቻልኩም፡፡ ማስረጃው ግን በነፃ እጇ ላይ ነበር፡፡ ዊንዶውስ ባለው ማሽን ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቱ፣ ሞኒተርስ የሚለውን፣ ከዚያ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ፣ ከዚያም ሃርድዌር አይዲስ የሚለውን ምረጡ፡፡ ስክሪኑን የሠራውን ፋብሪካና የሞዴሉን መለያ የያዘ አጭር ኮድ ይወጣል፡፡ ኤ.ዩ.ኦ፣ ኤል.ጂ.ዲ ወይም ቢ.ኦ.ኢ በሚሉ የላቲን ፊደላት የሚጀምር ሊሆን ይችላል፡፡ በሞባይላችሁ ፎቶ አንሱት፡፡ ጭረቱንም፣ ያልተጫረውንም ክፍል አንሱ፡፡ ማሽኑን ስትረከቡ ሱቁ ውስጥ ሆናችሁ ኮዱን አመሳክሩ፡፡

አዲስ ስክሪን ሲገባ ‹‹15.6 ኢንች ነው›› መባሉ ብቻ አይበቃም፡፡ ጥራቱ 1366 በ768 ነው ወይስ 1920 በ1080? የገመዱ መሰኪያ ባለ 30 ነው ወይስ ባለ 40? ገጹ ደብዛዛ ነው ወይስ አብረቅራቂ? እነዚህን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፡፡ ሠራተኛው ገመዱን ከመንካቱ በፊት የባትሪውን ግንኙነት ማላቀቁንም እዩ፤ ኃይል እያለ የሚነቀል ገመድ የስክሪኑን መብራት ፊውዝ ሊያቃጥል ይችላል፡፡ ‹‹ፖላራይዘሩን ብቻ ልለጥፍልህ›› የሚል ካጋጠማችሁ ሥራው በዓለም ላይ የሚታወቅ መሆኑን አልክድም፡፡ ይሁን እንጂ አሮጌው ሽፋን ሲላጥ ስሱ መስታወት በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ አዲሱም አቅጣጫው ከተሳሳተ ምስሉ ይጠቁራል፡፡ ሌላ ስክሪን ለሌለው ሰው አልመክረውም፡፡

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2610 ላይ፣ በገንዘብ ሥራ ለመሥራት የተዋዋለ ሰው በራሱ ኃላፊነት የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት ግዴታ እንደሚገባ ይደነግጋል፡፡ ‹‹ሞክሬያለሁ›› እና ‹‹ሠርቻለሁ›› አንድ አይደሉም ማለት ነው፡፡ ስለዚህ የሚጠበቀው ውጤት ምን እንደሆነ አስቀድሞ ይነገር፤ ‹‹ጭረቱ ይጠፋል›› ካለ ይጻፈው፡፡ ለመጻፍ ካመነታ መልሱን አገኛችሁ፡፡ ግድግዳ ላይ ‹‹ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም›› የሚል ወረቀት ለጥፎ የሚያሳይም አለ፡፡ ሕጉ አንዱ ወገን የሚሠራባቸው ጠቅላላ የንግድ ሁኔታዎች ሌላውን የሚያስገድዱት፣ ይኸው ወገን አውቆ የተቀበላቸው ወይም በመንግሥት ባለሥልጣን የተደነገጉ ወይም የጸደቁ ሲሆኑ እንደሆነ ይናገራል፡፡ ያላያችሁት ወረቀት አያስራችሁም፤ አይታችሁ ፈርማችሁ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፡፡ ለገዢም ያው ሕግ ግዴታ ጥሎበታል፤ ዕቃውን ዕድል እንዳገኘ መመርመርና ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፡፡ በስድስተኛው ወር ‹‹ስገዛው ተጭሮ ነበር›› ብሎ የሚመጣ ሰው አድካሚ ክርክር ይጠብቀዋል፡፡

መከላከሉ ብዙ ወሬ አይፈልግም፡፡ ኪቦርዱን አጽዱ፡፡ ክዳኑን ከመክደናችሁ በፊት ኢርፎን፣ ብዕር ወይም የስቴፕለር ሽቦ ቁልፎቹ ላይ አለመቅረቱን እዩ፡፡ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ቦርሳችሁን ጭናችሁ ላይ ስታደርጉ ቻርጀሩ ከክዳኑ በኩል አይሁን፤ ያቺ ትንሽ ጡብ በሰው ግፊያ ስክሪን ትሰብራለች፡፡ ካሜራ ላይ ወፍራም ክዳን መለጠፍም ጣጣ አለው፡፡ አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 ለማክቡክ ባለቤቶች የካሜራ ክዳን ለጥፈው እንዳይከድኑ፣ የግድ ከሆነም ከተራ የፕሪንተር ወረቀት ውፍረት /0.1 ሚሊ ሜትር/ እንዳይበልጥ አስጠንቅቋል፡፡ በክዳኑና በኪቦርዱ መካከል ያለው ክፍተት የዚያን ያህል ጠባብ ነው፡፡

ስክሪን ካስቀየራችሁ አሮጌውን ተቀበሉ፤ ንብረታችሁ ነው፣ ለክርክርም ማስረጃ ነው፡፡ ማሽኑ ከ2000 ዓ.ም. በፊት የተሠራ ከሆነ ግን ልጆች እንዳይጫወቱበት፡፡ ያኔ ብዙዎቹ ስክሪኖች የሚበሩት እንደ ፍሎረሰንት አምፖል ባለ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ነበር፤ ቱቦው ውስጥ ደግሞ ሜርኩሪ አለ፡፡